ቀይ የማያይ ፊልም

«አጠቆርከኝ እኮ ልጄ» አሉኝ እማማ።

ፎቶውን መጀመሪያ ራቅ፣ ቀጥሎ ቀረብ አድርገው አዩት። አልተቆጡም። ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት። ግን ግድግዳው ላይ አልሰቀሉትም። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት። እኔም ቡናዬን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ቃላቸው ግን ተከትሎኝ ወጣ።

እማማ የሚኖሩት ቱሉ ዲምቱ፣ ከእኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ነው። ብሎኮቹ ሲሠሩ የተረፈ፣ በባሕር ዛፍ የታጠረ ግቢ አላቸው። ወተት የምንገዛው ከእሳቸው ነው። ግቢውን፣ የጭዱን ክምር፣ በሬዎቹን ብዙ ጊዜ አንስቻለሁ። ራሳቸውን «ላንሳዎት?» ያልኳቸው ግን ቆይቼ ነው። እሺ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ነጠላቸውን ደርበው፣ ወንበር በሩ ላይ አስወጥተው ተቀመጡ።

ብርሃኑን በደንብ ለክቻለሁ። ፊልሙም በደንብ ነው የታጠበው። የእጃቸው ጅማት፣ የነጠላው ክር፣ የበሩ እንጨት ስንጥቅ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ፊታቸው ግን ጥቁር ነው። እማማ ደግሞ ቀይ ናቸው።

## ፊልሙ የሚያየውና የማያየው

ያነሳሁበት ጥቁርና ነጭ ፊልም ኦርቶክሮማቲክ ይባላል። በእኛ በፊልም አንሺዎቹ ዘንድ ባጭሩ «ኦርቶ» ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ያያል። ቀይ አያይም። ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ ለእሱ ጨለማ ነው።

ከፊልም በፊት የነበሩት የመጀመሪያዎቹ የመስታወት የፎቶ ሳህኖች የሚያዩት ሰማያዊውን ብቻ ነበር። በ1873 እ.ኤ.አ. ሄርማን ቪልሄልም ፎገል የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት አንድ ነገር ደረሰበት። ሳህኑ የሚቀባበት ነገር ውስጥ ማቅለሚያ ሲገባ፣ አረንጓዴውንም ማየት ይጀምራል። ኦርቶ የመጣው ከዚያ ነው። ቀዩንም ጨምሮ የሚያየው ፓንክሮማቲክ ሳህን ለገበያ የቀረበው በ1906 ነው። ቢቀርብም ቶሎ አልተለመደም። ድምፅ አልባዎቹ ፊልሞች አብዛኞቹ በኦርቶ ነው የተቀረጹት። ተዋናዮቹ ፊታቸውን በወፍራም ቅባት ይሸፍኑ የነበረው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የፈረንጅ ቀይ ጉንጭ እንኳ በዚያ ፊልም ላይ ይጠቁር ነበር። ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ነጥቶ ባዶ ይመስላል።

ይሄን ፊልም ይዞ ወደ ከተማው ዳር መውጣት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። የማውቀው ሰፈር ሌላ ሰፈር ይሆንብኛል። ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ይወጣል። ግቢ ውስጥ የተሰጣ በርበሬ ጥቁር ነው። ቀይ በሬ ጥቁር በሬ ይሆናል፤ ባለቤቱ ራሱ «ይሄ የማን ነው?» ይላል። የመስከረም አደይ አበባ ብርሃኗን ታጣና ግራጫ ትሆናለች። ለጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ሰማያዊ ስለሚያጠላበት ይነጣል፣ ያበራል። የረር ተራራን በዓይኔ እያየሁት ከፎቶው ይጠፋል። በሩቁ የሚያለብሰው ጭጋግ ሰማያዊ ነው፤ ፊልሙ ደግሞ ከተራራው ይልቅ ጭጋጉን ያያል። ቢጫ ፊልተር ሳደርግ የተራራው ጫፍ ትንሽ ይመለሳል። ቀይ ፊልተር ማድረግ ግን ሌንሱን ከመክደን አይለይም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዝግተኛ ነው። የእኔው ሮለይ ኦርቶ 25 ነው። ቁጥሩ ፍጥነቱ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ኢልፎርድ ኦርቶ ፕላስም አለኝ። እሱ በቀን ብርሃን 80፣ በአምፖል ብርሃን 40 ነው። በአምፖል ግማሽ የሚሆነው የአምፖል ብርሃን ቀይ ስለሚበዛበት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ያው ነው። ሰው ሁሉ የሚሻማበት የአመሻሹ ወርቃማ ብርሃን ለኦርቶ አይሆንም። የብርሃን መለኪያው «ይበቃል» ይላል፣ ፊልሙ ግን ከዚያ ብርሃን ብዙውን አያየውም። እኔ የምወደው ደመና ያለበትን ረፋድ ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ እኩል ይወርዳል፣ ጥላም አይበረታም።

ባለ 400 ፊልም የለመደ እጅ በ25 ይቸገራል። በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 8 ላይ ባደርግ ሹተሩ የሚከፈተው ለ1/100 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ይሄ ደህና ነው። ጥላ ውስጥ ስገባ ግን ቀዳዳውን ወደ 5.6 ከፍቼም ሹተሩ እስከ 1/30 ይወርዳል። ትራይፖድ ግድ ነው። የሚነሳውም ሰው አደብ መግዛት አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በዚህ ፊልም ተጣድፎ ያነሱት ፎቶ ሲታጠብ ነው የሚፈርሰው።

ፊልሙን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው የሚያመጣልኝ። ዝግተኛ ስለሆነ የኤርፖርት ኤክስሬይ ብዙ አይጎዳውም። የማጥበው እቤቴ ነው። ሌላው ፊልም የሚታጠበው ድፍን ጨለማ ውስጥ ወይም ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ነው። ኦርቶ ግን ቀይ ስለማያይ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ጠቆር ያለ ቀይ መብራት አበራለሁ። ፊልሙን ጫፍና ጫፉን ይዤ፣ ዝርግ ዕቃ ውስጥ ባለው ዴቬሎፐር፣ ምስሉን በሚያወጣው ፈሳሽ፣ እያመላለስኩ፣ ምስሉ ሲወጣ በዓይኔ አያለሁ። ይሄን አንዴ ያየ ሰው ሌላ ዓይነት አጠባ ያስጠላዋል።

የእማማም ምስል እንዲያ ነው የወጣው። ኔጌቲቭ ላይ ብርሃን ያገኘው ይጠቁራል፣ ያላገኘው ባዶ ይቀራል። መጀመሪያ ነጠላቸው ጠቆረ። ቀጥሎ ሰማዩ። የፊታቸው ቦታ ግን እስከ መጨረሻው ስስ ሆኖ ቀረ። ያን ሰዓት ከፊታቸው የሚመጣው ብርሃን አብዛኛው ቀይ መሆኑን ልብ አላልኩም። ነገሩ ቀላል ነው። የቡናማ ቆዳ ማቅለሚያ፣ ሜላኒን የሚባለው፣ ሰማያዊውን ብርሃን በብዛት ይውጣል፤ ቀዩን ይመልሳል። ስለዚህ ቀይ የማያይ ፊልም ከእኛ ፊት የሚያገኘው ትርፍራፊውን ነው።

## ግድግዳው ላይ ያለችው ሴት

ነገሩ የተገለጠልኝ ሌላ ቀን፣ ወተት ልወስድ ስሄድ ነው። የእማማ የልጅ ልጅ ከሥራ ወጥታ እዚያው ነበረች። ፎቶውን ከሳጥኑ አውጥተው አሳዩዋት። አየችውና ወዲያው ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ዞረች።

«እማማ፣ ቁርጥ ቅድመ አያቴን!»

ግድግዳው ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን፣ በእንጨት ፍሬም አንድ የቆየ ፎቶ አለ። አንዲት ሴት መጋረጃ ፊት ቆማ እጇን ወንበር ላይ አሳርፋለች። ፊቷ ጠቁሯል። የነጠላዋ ጥለት ጥቁር ነው። የእማማ እናት ናቸው። ጣልያን ከወጣ በኋላ ፒያሳ ወርደው ፎቶ ቤት የተነሱት ነው።

የልጅ ልጅየው ለእኔ ለእንግዳው ታስረዳኝ ጀመር። «ሐዘን ላይ ሆና ነው የተነሳችው። ጥለቱን አየኸው? ጥቁር ነው። ብዙ መከራ አይታለች ይባላል።»

እማማ ወተቱን እየለኩ ነበር። ጣሳውን አስቀመጡት።

«ማነው እንደሱ ያለሽ?»

«ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናውቀው።»

«እናቴ ሐዘን ለብሳ ፎቶ ቤት ትሄዳለች?» አሉ። አነጋገራቸው ላይ ቁጣ ነበረበት። የእኔን ፎቶ ሲያዩ ያልተቆጡትን አሁን ተቆጡ። ወደ ሳጥኑ ሄዱ። ከታች፣ ከብዙ ጨርቅ ሥር፣ አንድ ነጠላ አወጡ። አርጅቷል፣ እጥፋቱ ላይ ተበልቷል። ጥለቱ ግን ቀይ ነው። ደብዝዟል እንጂ ቀይ ነው። ፎቶው አጠገብ ያዙት። የጥለቱ ጌጥ አንድ ነው፤ በፎቶው ላይ ጥቁር፣ በእጃቸው ላይ ቀይ።

«እናቴ ከእኔም የቀላች ነበረች» አሉ። «ደስ ብሏት ነው የተነሳችው። የበዓል ልብሷን ለብሳ። ያጠቆራት ፎቶው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ «አንተም ያ ፎቶ አንሺ ያደረጋትን ነው ያደረግከኝ።»

ቆሜ ቀረሁ። በየመጽሐፉ ያነበብኩት ነገር ሁሉ እዚያች ክፍል ውስጥ፣ በአሮጊት እጅ፣ ፊቴ ላይ ተዘርግቷል። ኮዳክ ቬሪክሮም የሚባለው በጣም የተለመደ ፊልም ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሸጥ ኦርቶ ነበር። ቀይ የሚያየው ቬሪክሮም ፓን የተካው በ1956 ነው። የእማማ እናት ፎቶ ቤት በሄዱበት ዘመን ቀይ የማያይ ፊልም እንግዳ ነገር አልነበረም። ማስረጃው ደግሞ ነጠላው ነው። ቀዩ ጥለት ከጠቆረ ፊታቸውም አብሮ ጠቁሯል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የፊልሙ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የልጅ ልጅየው ያለችው ነው። «ብዙ መከራ አይታለች ይባላል።» ማነው ያለው? ማንም አላለም። ጥቁሩ ጥለት ነው ያለው። ሰው ጥቁር ጥለት ሲያይ ሐዘን ያነባል፤ ባህላችን ያስተማረን ንባብ ነው። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። ከዚያ ልጆች «ማን ሞቶባት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ይገምታል። ግምቱ ታሪክ ይሆናል። አንዲት ሴት በበዓል ልብሷ፣ ደስ ብሏት፣ ገንዘብ ከፍላ የተነሳችው ፎቶ፣ በገዛ ቤቷ የሐዘን ፎቶ ሆኖ ኖረ። እማማ ባይኖሩ፣ ወይም ያን ቀን ወተት ባይለኩ፣ እንደዚያው ይቀር ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቆዩ ፎቶዎችን የማየው በሌላ ዓይን ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ማንሳት የጀመረው የአርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ሥራውን ሲጀምር፣ በዓለም ላይ አብዛኛው ሳህን ቀይ አያይም ነበር። የዚያን ዘመን ፎቶ ሳገኝ መጀመሪያ የምፈልገው ባንዲራ ነው። ቀዩ መደብ ድፍን ጥቁር ከሆነ፣ የሰዎቹን መልክ ከፎቶው ማወቅ እንደማልችል ይገባኛል። የካባውንም ቀለም እንዲሁ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የድሮ ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር «እገሌ እኮ ጥቁር ነበር፣ እገሊት ቀይ ነበረች» የሚል ክርክር ይነሳል። ሁለቱም ወገን ያንኑ ሳህን ነው የሚጠቅሰው። ሳህኑ ደግሞ ስለ ቀይ የሚመሰክረው ነገር የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ጥቁር መሆን ነውር ነው ማለቴ አይደለም። እኛ አገር በመልክ ቅላት ብዙ ሰው ተጎድቷል፣ አሁንም ይጎዳል። ኦርቶ ለጥቁር ፊት የራሱ ውበት አለው። የሰማይ ብርሃን ግንባርና ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ያን ጸዳል በደንብ ይይዘዋል። ጎረቤቴን፣ በጣም ጥቁር የሆነውን አናጢ፣ በዚሁ ፊልም አንስቼዋለሁ፤ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። እሱም ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። የእማማ ቅሬታ ጥቁርነት አስቀያሚ ነው ከሚል የመጣ አልነበረም። «ይሄ እኔ አይደለሁም» ነው ያሉት። ሰው በገዛ ፎቶው ራሱን የማግኘት መብት አለው ብዬ አምናለሁ።

## ለፊት ብርሃን መስጠት

ታዲያ ፊልሙን ልተወው? አሰብኩበት። ፓንክሮማቲክ ፊልም በእጄ አለ። በእሱ ባነሳቸው ጉዳዩ ያልቅ ነበር። አንድ ፎቶም በእሱ አንስቼ ሰጥቻቸዋለሁ። ግን ኦርቶን መተው አልፈለግኩም። የእጃቸውን ጅማት እንደዚያ ያሳየኝ ሌላ ፊልም የለም። ቆዳ ላይ ያለውን መስመር፣ ነጥብ፣ ጠባሳ ሁሉ አጉልቶ ያወጣል። ለሥራ ለኖረ እጅ ይሄ ክብር ነው ብዬ አስባለሁ። ለፊትም ክብር እንዲሆን ከተፈለገ ግን አንሺው መሥራት አለበት።

ስለዚህ እንደገና ጠየቅኳቸው። «እንግዲህ እንዳታጠቁረኝ» ብለው ተቀመጡ። ደመና ያለበት ረፋድ ነበር። ብርሃኑን የለካሁት ከነጠላው ሳይሆን ከፊታቸው ነው። ከዚያ ላይ ሁለት ደረጃ ብርሃን ጨመርኩ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ብርሃኑን እጥፍ ስለሚያደርግ ከ1/30 ወደ 1/8 ወረድኩ ማለት ነው። የልጅ ልጃቸው ነጭ አንሶላ ከጎን ዘርግታ ያዘችልኝ፤ የሰማዩን ብርሃን ወደ ጉንጫቸው እንዲመልስ። ራሳቸውን የበሩ መቃን ላይ ደገፍ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው። አንድ ስምንተኛ ሰከንድ አጭር ይመስላል። ለአሮጊት አንገት ግን ረጅም ነው።

ፊልሙ በባሕርዩ ጥቁሩን በጣም ጥቁር፣ ነጩን በጣም ነጭ ማድረግ ይወዳል። ያን ለማለዘብ ዴቬሎፐሩን አቅጥኜ፣ ሰዓቱን አርዝሜ አጠብኩት። በቀዩ መብራት ሥር የፊታቸውን ቦታ ብቻ ነበር የማየው። ቀስ እያለ ጠቆረ። ኔጌቲቭ ላይ መጥቆር ማለት ወረቀት ላይ መብራት ነው። ግንባራቸው መጣ፣ ጉንጫቸው መጣ፣ ከዓይናቸው ሥር ያለው እጥፋት ሳይቀር መጣ።

ፎቶውን ስሰጣቸው ብዙ ሰዓት ያዙት።

«አሁን እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለው፦ «ነጠላዬን ግን አጠፋኸው።»

እውነታቸውን ነው። ለፊት የተሰጠው ብርሃን ለነጠላው በዝቶበታል። ክሩ የለም፣ እጥፋቱ የለም፣ ነጭ ብቻ ነው። ከኋላቸው ያለው ሰማይም አብሮ ጠፍቷል። ኦርቶ ሁለቱንም አይሰጥም። ወይ ፊት፣ ወይ ነጠላ። እኔ ፊቱን መርጫለሁ፤ ወደፊትም የምመርጠው እሱን ነው። ግን የጠፋውን ነገር የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት።

## ከጀርባው

ከዚያ ወዲህ የማትመው ፎቶ ሁሉ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለው። የፊልሙን ዓይነት እጽፋለሁ፤ ከዚያ በታች ቀለማቱን። «ጥለቱ አረንጓዴና ቢጫ። በሩ ሰማያዊ። በሬው ቀይ፣ ግንባሩ ነጭ።» የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ሌላ ፎቶ ላይ ይታተማል፣ ሲቆይም ወደ ፊት ሊዘልቅ ይችላል። ወረቀቱ ፕላስቲክ የተቀባ ከሆነ ለስላሳ እርሳስ ያስፈልጋል። ሳልጫን ነው የምጽፈው፤ ጫና ካለው ከፊት በኩል ይሰረጉዳል።

የእማማን እናት ፎቶም ከፍሬሙ አወጣነው። ጀርባው ላይ ከፎቶ ቤቱ ማኅተም ሌላ ምንም አልነበረም። እማማ ተናገሩ፣ የልጅ ልጃቸው ጻፈች። ጥለቱ ቀይ። መልኳ ቀይ። የአንገቷ ማተብ ሰማያዊ፤ ፎቶው ላይ ነጭ ክር ነበር የሚመስለው። በዓሉ የትኛው እንደሆነ ግን ተከራከሩ። እማማ መጀመሪያ ፋሲካ አሉ፣ ኋላ «የለም፣ የወንድሜ ክርስትና ነው» አሉ። ሁለቱም ተጻፈ።

የልጅ ልጅየው ሠርግ ለጥር ነው። ቀሚሷ ተሸምኖ አልቋል፤ ጥለቱን የመረጠችው ከአሮጌው ነጠላ አይታ ነው። ከቀለም ፎቶው ሌላ አንድ በኦርቶ እንዳነሳት ጠየቀችኝ። ቀዩ ጥቁር እንደሚሆን፣ ፊቷን ባበራው ደግሞ ቀሚሱ እንደሚጠፋ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ፊቴንም አታብራው። ያኛው ፎቶ እንደተነሳው አንሳኝ፤ ጎን ለጎን ነው የምሰቅላቸው። ከጀርባው ራሴ እጽፋለሁ።»

የጥር ፀሐይ ብርቱ ነው፣ ደመናም አይገኝም። የእማማ በር ግን ወደ ሰሜን ነው። በጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በሩ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። እዚያ ወንበር እናወጣለን። ፊልሙ ከታዘዘ ቆይቷል፤ የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ ይዛልኝ ትመጣለች።